ሜኒየር ያለባችሁ ሰዎች፣ ከማዞሩና ከጆሮው ጋር እንዴት እየኖራችሁ ነው?

የደሴዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ነው የምኖረው፣ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይሄ ነገር ከጀመረኝ ቆይቷል ግን ስሙን ያወቅኩት በቅርቡ ነው፣ ሜኒየር ነው አሉኝ፣ የውስጥ ጆሮ በሽታ። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ካለ ብዬ ነው የምጽፈው ምክንያቱም በአካባቢዬ አንድም ሰው አላገኘሁም።

እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። መጀመሪያ ግራ ጆሮዬ ድፍን ይልና ይከብደኛል፣ ከዛ ወፍራም እምምም የሚል ድምፅ ይጀምረዋል፣ ድምፁ እየጨመረ ከመጣ አለቀ፣ ቤቱ መዞር ይጀምራል። ብድግ ሲሉ ዓይን ላይ ጭልም የሚለው ዓይነት አይደለም፣ ግድግዳው ጣሪያው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ዓይኔን ብጨፍንም አይቆምም፣ ከዛ ማስመለስ ነው ሆዴ ውስጥ ምንም እስከማይቀር። አንዳንዴ በግማሽ ሰዓት ይለቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይይዘኛል፣ ከለቀቀኝ በኋላም ሰውነቴ ዝሎ ስራመድ መሬቱን እያመንኩት አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ መቼ እንደሚመጣ አለማወቄ ነው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መጣብኝ፣ የሰሌዳውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ሲንከባለል በዓይኔ ልከተለው ብል አልቻልኩም፣ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ አንዷ ሮጣ ዳይሬክተሩን ጠራች። ከትምህርት ቤት ተደግፌ ስወጣ ያየኝ ሰው ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ፣ መምህርቷ ጠጥታ ነው።

ጆሮው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በግራዬ በኩል የተቀመጠ ልጅ ሲመልስ ድምፁ ይመጣል ቃሉ ግን አይለይልኝም። ቲቸር ሲሉኝ ከየት እንደጠሩኝ አላውቅም፣ ሁሌ ወደ ቀኝ ነው የምዞረው። ወፍራም የወንድ ድምፅ ይጠፋብኛል። ለቅሶ ቤት ወይ ሰርግ ሰው ሲበዛ ምንም አይገባኝም፣ ዝም ብዬ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ አሁን አሁንማ መሄዱንም እየተውኩት ነው።

እዚህ እስክደርስ አንዱ ደም ማነስ ነው አለኝ፣ አንዱ ግፊት፣ አንዱ ጭንቀት ነው ቤትሽ ሰላም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ አንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ሄጄ የመስማት ምርመራ ተሠራልኝ፣ ኤምአርአይም ተነሳሁ፣ ለማዞሩ ቤታሂስቲን የሚባል ኪኒንና የሚያሸና ኪኒን ታዘዘልኝ፣ ጨው ቀንሺ ተባልኩ፣ ካልተሻለሽ ጆሮ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ አለኝ። መርፌውን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ወረፋውም ረጅም ስለነበር ብዙ ሳልጠይቅ ወጣሁ። እና የምታውቁ ንገሩኝ፣ በኛ ምግብ ጨው እንዴት ነው የሚቀነሰው? መርፌውን የወሰደ ሰው አለ? ሁለቱም ጆሮዬ ይጠፋል ወይ? ማስተማሩንስ እችለዋለሁ? እናቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች፣ ጸበሉን አምንበታለሁ ግን እዛ ኪኒኑን ተይው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እሱም ግራ አጋብቶኛል።


ከለንደን፦

እህቴ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ምህረቱን ይላክልሽ። እኔ ቀኝ ጆሮዬ ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ቶሎ የምነግርሽ ነገር እንደ አሁኑ አይቀጥልም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው ማዞሩ የሚከፋባቸው፣ ለብዙ ሰው በጊዜ ብዛት ማዞሩ እየራቀ ይሄዳል፣ የሚቀረው የጆሮው ነገር ነው። ለኔም እንደዛ ነው የሆነው።

ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ነበር የምነዳው። እዚህ አገር በድንገት የሚጥል ማዞር ያለበት ሰው ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ለዲቪኤልኤ ማሳወቅ ሕግ ነው፣ ማዞሩ ቁጥጥር ሥር እስኪውል ድረስ መንዳት የለም። አሳወቅኩ፣ ሥራዬ ቆመ፣ ሦስት ልጅ ይዤ። ያን ጊዜ የረዳኝ እዚሁ የሆነ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነው፣ እሳቸውም በሽታው ነበረባቸው፣ ቤቴ ድረስ መጥተው ለሚስቴ ቁጭ ብለው አስረዷት። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሆኔ ቀረ። አሁን መጋዘን ነው የምሠራው፣ መሰላል ላይ ግን አልወጣም። አንቺም ወንበር ላይ ወጥቶ መጋረጃ መስቀል፣ የፈላ ድስት ለብቻ ማውረድ፣ እነዚህን ለሌላ ሰው ስጪ።

ጨው ላይ። እንጀራው ብዙ ችግር የለበትም፣ ወጡ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ላይም ብዙ ሰው ያስገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ ላዩ ላይ ሚጥሚጣ ከተነሰነሰ ደግሞ ሌላ ጨው ነው፣ ስለዚህ ድስቱ ላይ ብቻ መቀነስ ዋጋ የለውም። እናቴ በርበሬና ሽሮውን ያለ ጨው አስፈጭታ ነው የምትልክልኝ፣ አንቺማ እዛው ስላለሽ ስታዘጋጂ ብቻ መተው ነው። የሾርባ ኩብ ከቤት ይውጣ፣ ቋንጣና የታሸገ ነገርም እንደዛው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሎሚ በደንብ ከገባ ምላስሽ ይለምደዋል፣ ትንሽ ታገሽው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኔን በጣም የሚጎዳኝ ደግሞ መዋዠቁ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ተጠንቅቄ በዓል ሲመጣ የበላሁ እንደሆን በማግስቱ ጆሮዬ ድፍን ይላል። ቡና አቦሉን ብቻ እጠጣለሁ፣ ቶናና በረካው ላይ ቁጭ ብዬ ጨዋታውን እጫወታለሁ። እንቅልፍ ማጣትም ያመጣብኛል።

መርፌው እንደምታስቢው አይደለም። ታምቡሩን በመጀመሪያ ያደነዝዙታል፣ ቀጭን መርፌ ነው፣ ሲገባ ግፊት ነገር ይሰማሻል፣ ከዛ ጆሮሽን ወደ ላይ አድርገሽ ሳታወሪ፣ ምራቅሽንም እንዳትውጪ እየተጠነቀቅሽ ጋደም ብለሽ ትቆያለሽ። ለኔ ጥቂቱ በጉሮሮዬ ሲወርድ ተሰምቶኛል፣ ለአጭር ጊዜም አዙሮኝ ነበር፣ ሌላ የለም። ሁለት ዓይነት መድኃኒት እንዳለ ግን እወቂ። አንዱ ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፣ የጆሮውን ሴሎች አይገድልም። ሌላው ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፣ እሱ ሚዛን የሚጠብቁትን ሴሎች ሆን ብሎ ያጠፋል፣ በዚያው የመስማቱንም ሊነካ ይችላል። ለንደንና ሌስተር ውስጥ በ60 ሰው ላይ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ማዞሩ በጄንታማይሲን በ87 በመቶ በስቴሮይድ በ90 በመቶ ቀነሰ፣ ያን ያህል ልዩነት የለም። ስለዚህ ገና የምትሰሚበት ጆሮ ስለሆነ ስቴሮይዱን ቀድመን እንሞክር ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው። እኔ እሱን ነው የወሰድኩት፣ ከጊዜ በኋላ ተደግሞልኛል፣ ወደ ጄንታማይሲኑ መሄድ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለኔ በወቅቱ ትልቅ ብርታት ስለሆነኝ ነው። አላን ሼፐርድ የሚባለው ጠፈርተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከአሜሪካኖች መጀመሪያ ጠፈር የወጣው፣ ይሄው በሽታ ይዞት ለዓመታት ከበረራ ታግዶ ነበር። በ1968 ጆሮው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ በ1971 በአፖሎ 14 ጨረቃ ላይ ቆመ። የዛ ቀዶ ጥገና ነገር ዛሬም ሐኪሞች እንደሚከራከሩበት ነግረውኛል፣ ስለዚህ ቀዶ ጥገና ፈልጊ እያልኩሽ አይደለም። ይሄ በሽታ ያለበት ሰው አበቃለት ማለት እንዳልሆነ ግን እንድታውቂ ነው።


ናዝሬት፦

እኔም አለብኝ መሰለኝ። አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስገለበጥ ጣሪያው ይዞርብኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል። ቀና ብዬ ከመደርደሪያ ዕቃ ሳወርድም እንደዛው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ቤታሂስቲኑን ገዝቼ ልጀምረው?


የአንገት በላይ ነርስ፦

ናዝሬት ያለሽው እህቴ፣ አትግዢ፣ ያንቺ ሌላ ነው የሚመስለው። ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ፣ ስትገለበጪ ወይ ቀና ስትይ ብቻ የሚመጣ፣ ጆሮ ላይ ምንም ለውጥ የሌለው ከሆነ በብዛት ውስጥ ጆሮ ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ነው። እሱ በኪኒን አይድንም፣ ሐኪም ጭንቅላትሽን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞረ ይመልሳቸዋል፣ ኤፕሊ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውሎ ለውጥ ታያለሽ። ሄደሽ ታዪ።

መምህርት፣ ያንቺን ሳነብ የሜኒየር መልክ ነው ያለው። ሐኪሞች ይሄ ነው ለማለት የሚፈልጉት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመጣ፣ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የቆየ ማዞር፣ ከሱ ጋር የጆሮ መደፈን ወይ ጩኸት፣ በምርመራ ደግሞ በወፍራም ድምፆች በኩል የቀነሰ መስማት ነው። የወንድ ድምፅ ይጠፋብኛል ያልሽው ለዚህ ነው። የመስሚያውና የሚዛኑ ክፍል በአንድ ፈሳሽ ነው የተያያዙት፣ በሜኒየር ጊዜ ያ ፈሳሽ ይበዛና ክፍሎቹን ይወጥራቸዋል፣ ለምን እንደሚበዛ እስካሁን በደንብ አልታወቀም። ጭንቀት ነው ሲሉሽ መቆየታቸው ያሳዝናል ግን አዲስ አይደለም፣ ድሮ ሐኪሞቹ ራሳቸው የጭንቅላት ደም ችግር ነው ይሉት ነበር፣ ፓሪስ መስማት የተሳናቸው ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ፕሮስፔር ሜኒየር ነው እ.ኤ.አ. በ1861 ከውስጥ ጆሮ ነው የሚነሳው ብሎ ለሕክምና አካዳሚው ያቀረበው።

ሁለቱም ይጠፋል ወይ ላልሽው፣ አብዛኛው ሰው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ዓመታት ሲሄዱ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ግን አሉ። ስለዚህ ደህናውን ጆሮሽን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። ለሌላ ሕመም የትኛውም ክሊኒክ ስትገቢ ከመርፌ በፊት የውስጥ ጆሮ በሽታ አለብኝ በይ። ጄንታማይሲን በክንድ ወይ በደም ሥር ሲሰጥ ለሁለቱም ጆሮ ነው የሚደርሰው፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጡ የነበሩት መርፌዎችም ጆሮ የሚጎዱ ናቸው። ሌላ አማራጭ ካለ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

መድኃኒቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ቤታሂስቲን በሰፊው ይታዘዛል፣ ብዙ ሰው ይሻለኛል ይላል፣ ነገር ግን ጀርመን ውስጥ 221 ሰው የተሳተፈበት ጥናት ላይ መድኃኒቱን በትንሹ የወሰዱት፣ በብዛት የወሰዱትና ምንም የሌለበት ኪኒን የወሰዱት በዘጠኝ ወር ውስጥ ማዞራቸው እኩል ነው የቀነሰው። የጨው መቀነሱም ቢሆን ጠንካራ ማስረጃ የለውም ግን ጉዳት የለውም፣ ለግፊትም ይጠቅማል። ይሄን የምልሽ አቁሚ ለማለት አይደለም፣ የታዘዘልሽን ውሰጂ፣ ከወራት በኋላ ለውጥ ከሌለ ግን ኪኒኑን እየቀያየርሽ ዓመት አታሳልፊ፣ ወደ መርፌው እለፊ። ለማስመለሱና ለማዞሩ የሚሰጡት እነ ፕሮሜታዚን፣ ሜክሊዚን ደግሞ ሲመጣብሽ ብቻ ናቸው፣ በየቀኑ ከተወሰዱ አእምሮ ሚዛኑን እንደገና እንዳይማር ያደርጋሉ። የሚያሸናውን እየወሰድሽ ደግሞ ፖታሲየምሽን አልፎ አልፎ አስለኪ።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እኔም ጸበል የምጠጣ ሰው ነኝ። ግቢ፣ ኪኒንሽን ግን ይዘሽ ግቢ፣ ይሄን የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ አቁሚ አይሉሽም። ስትጠመቂ ግን ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ በቫዝሊን አድርጊና ድፈኚው። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ጤነኛውንም ሰው ያዞራል፣ እኛ እንደውም የሚዛን ምርመራ ስንሠራ ሆን ብለን እናደርገዋለን። ሰው ይያዝሽ፣ ቋጥኝ ላይ ብቻሽን አትቁሚ። ስግደቱንም ማዞሩ ሰሞን ለአባ ነግረሽ በቁመት ጸሎት አስቀይሪው።

ይሄን ደግሞ ሁላችሁም ያዙልኝ። ማዞር ሲመጣ አብሮ ንግግር ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይ እጅ ከሰነፈ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሜኒየር ነው ብላችሁ ቤት አትተኙ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። አንድ ጆሮ ድንገት ጭጭ ካለም እንደዛው ነው፣ ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው የሚጠቅመው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። የጆሮ ኩክ ነው እያሉ ዘይት የሚያንጠባጥቡ ሰዎች በዚህ ምክንያት ነው ዘግይተው የሚመጡብን።


የታማሚ ባለቤት፦

እኔ ባለቤቴ ናት ያላት። ለመምህርት ባለቤትና ልጆች ነው የምጽፈው፣ አሳዪአቸው። ሲመጣባት አትነቅንቋት፣ ምን ሆንሽ ምን ሆንሽ እያላችሁ አትጠይቋት፣ መልስ መስጠት ራሱ ያስመልሳታል። ባለችበት በጎኗ አስተኟት፣ ሳህን አጠገቧ አድርጉ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ዓይኗን ታሳርፍ። የኔዋ የበሩን እጀታ ነው የምታየው። ካስመለሳት በኋላ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ።

ማታ መብራት ሲጠፋ ከባድ ነው። ጆሮዋ ሚዛን ስለማይሰጣት በዓይኗ ነው የምትቆመው፣ ጨለማ ከሆነ ሽንት ቤት ድረስ እንኳን መሄድ አትችልም። ትራሷ ሥር የእጅ ባትሪ አለ፣ ከአልጋው እስከ በሩ ምንም ዕቃ አይቀመጥም። የጆሮው ጩኸት እንቅልፍ ሲነሳት ሬዲዮ በጣም ዝቅ አድርገን እንከፍታለን። መንገድ ላይ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ነው የምሄደው። ጎረቤትም ዘመድም በግልጽ ነግረናቸዋል፣ የውስጥ ጆሮ በሽታ ነው፣ ስትወድቅ ብታዩ እንዲህ አድርጉ ብለን። ከነገርናቸው በኋላ ሐሜቱም ቀረ፣ የዕድር ሴቶች ድንኳን ውስጥ እንኳን ጥግ ላይ ግድግዳውን በመጥፎ ጆሮዋ በኩል አድርገው ነው የሚያስቀምጧት።


የደሴዋ መምህርት፦

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የጥጡን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዳይሬክተሩ ፈቃድ ውሰጂና ቤት ተቀመጪ እያለኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ማስተማር እፈልጋለሁ። የመስሚያ መሣሪያ ልግዛ? ዋጋው ከባድ ነው።


የአንገት በላይ ነርስ፦

መሣሪያው ላይ አትቸኩዪ። ባንቺ ደረጃ መስማቱ ገና ከፍ ዝቅ ስለሚል ዛሬ ተለክቶ የተሞላልሽ ነገ ላይስማማሽ ይችላል፣ ከገዛሽ በየጊዜው ማስተካከያው የሚቀየርና አስተካክሎ የሚሰጥሽ ባለሙያ ቅርብ የሆነውን ነው የምትገዢው። መጀመሪያ ግን ጆሮሽ ደህና በሆነበት ቀን አንድ፣ ድፍን ባለበት ቀን አንድ የመስማት ምርመራ አሠሪ፣ ወረቀቱን ኦሪጅናል ያዢ፣ ለሐኪሙም ለዳይሬክተሩም የምታሳዪው እሱን ነው።


ከለንደን፦

ሥራሽን አትልቀቂ እህቴ። ሐኪሙ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ ቤት ትቀመጥ የሚል ሳይሆን ምን እንደሚያስፈልግሽ የሚገልጽ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ ወንበር፣ ሲመጣብሽ ክፍሉን የሚረከብ መምህር። ክፍል ውስጥ ወደ ልጆቹ ፊትሽን ስታዞሪ በግራሽ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ ቁሚ፣ ያኔ ሁሉም ልጆች በቀኝሽ ይሆናሉ። ስም ከመጥራት ይልቅ እጃቸውን አውጥተው ተነስተው እንዲመልሱ አድርጊ፣ ማን እንደተናገረ በዓይንሽ ታውቂዋለሽ። ሲመጣብሽ ምን እንደሚያደርጉም አስተምሪያቸው፣ አንዷ ዳይሬክተር ትጥራ፣ ሌላው ቁጭ ይበል። ዳይሬክተሩ እምቢ ካለ ደግሞ ደብዳቤውን ኮፒ አድርገሽ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገቢና የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልን።